ቆላ ዝንብን ከሌላው ዝንብ ለይቶ ማወቂያ

በጊቤ፣ በዴዴሳ፣ በኦሞ ወይም በባሮ ዳርቻ ከብት ለሚያረባ ሰው «ገንዲ ገባ» የሚለው ቃል ማብራሪያ አያስፈልገውም። በሬው እየበላ ይከሳል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ድዱና የዐይኑ ሽፋን ውስጠኛው ክፍል ይነጣል፣ ከትከሻው ፊት ያለው ንፍፊት ያብጣል። ላሟ ትጨነግፋለች፣ ወተቷም ይነጥፋል። የእርሻ ወቅት ደርሶ ሞፈርና ቀንበሩ ሲወጣ፣ በሬው ቆሞ መዋል እንኳ ያቅተዋል።

በሽታውን የሚያመጣው በደም ውስጥ የሚኖር፣ ያለ ማይክሮስኮፕ የማይታይ ትሪፓኖሶማ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ይህን ተሕዋስ ከአንዱ እንስሳ ደም ወደ ሌላው የምታሻግረው በዋናነት ቆላ ዝንብ ናት፤ በዓለም አቀፍ ስሟ ፀፀ ትባላለች። በሽታውና ዝንቧ መገናኘታቸውን ያረጋገጠው ዴቪድ ብሩስ የተባለ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ሲሆን፣ ሥራውን የሠራው በ1890ዎቹ አጋማሽ በደቡብ አፍሪካ ዙሉላንድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው። በብዙ ቦታ ከብት የምትነክስ ዝንብ ሁሉ «ቆላ ዝንብ» ትባላለች። በሌላ ቦታ ደግሞ እውነተኛዋ ቆላ ዝንብ እያለች «ተራ ዝንብ ናት» ተብላ ትታለፋለች። ሁለቱም ስሕተት ዋጋ ያስከፍላል። ምክንያቱም ከትሪፓኖሶማ ዓይነቶች አንዱ፣ ቪቫክስ የሚባለው፣ ቆላ ዝንብ በሌለችበት አገርም በሌሎች ተናካሽ ዝንቦች አፍ ላይ በቀረ ትኩስ ደም አማካይነት ከከብት ወደ ከብት ይተላለፋል። ስለዚህ የከብቱ ደም ተመርምሮ ገንዲ ቢገኝ እንኳ አካባቢው የቆላ ዝንብ አገር ነው ማለት አይደለም። ወጥመድ ይተከል፣ ከብቱ ከወንዝ ይራቅ፣ ወይስ በረቱ ይጽዳ የሚለውን የሚወስነው ነካሿ ማን እንደሆነች ማወቅ ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ የላቦራቶሪ ዕቃ አያስፈልግም፤ ጥሩ ዐይን፣ አንድ ብልቃጥና ትንሽ አጉሊ መነጽር ይበቃል።

የት እና መቼ ይፈልጓታል

ቆላ ዝንብ እንደ ስሟ የቆላ ናት። በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ ከ1,600 ሜትር ከፍታ በላይ አትኖርም ሲባል ቆይቶ፣ በኋላ ግን እስከ 2,000 ሜትር በሚጠጉ ቦታዎች ተገኝታለች። ደብረ ብርሃን ላይ ከብትዎን የነከሰች ዝንብ ሌላ ናት፤ እዚያ ፍለጋ መውጣት ድካም ብቻ ነው። መኖሪያዋ የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ወንዞች ናቸው፦ ዓባይ ከነገባሮቹ ከዴዴሳና ከአንገር ጋር፣ ባሮና አኮቦ፣ ጊቤና ኦሞ፣ እንዲሁም በደቡባዊው ስምጥ ሸለቆ የአባያና የጫሞ ሐይቆች ዙሪያ። ነጭ ሳር ወይም ማጎ ብሔራዊ ፓርክን በመኪና ያቋረጠ ሰው መስኮት ከፍቶ መሄድ ምን እንደሚያስከትል ያውቃል።

አካባቢው ልክ ከሆነ ቀጥሎ የሚመረጠው ቦታው ነው። ቆላ ዝንብ ፀሐይ የሚያቃጥለው ገላጣ ሜዳ ላይ አትውልም፤ ጥላ ትፈልጋለች። የወንዝ ዳር ጫካ፣ ከብት ለውኃ የሚወርድበት መንገድ፣ ቁጥቋጦ ከሣር ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ፣ አጋዘንና ከርከሮ የሚመላለሱበት ጥሻ፣ እነዚህ ናቸው ዋና ቦታዎቿ። ሲሞቅ በዛፍ ግንድና በቅርንጫፍ የታችኛው ገጽ ላይ ተለጥፋ ትውላለች። ቀለሟ ከቅርፊቱ ጋር ስለሚመሳሰል ዐይንዎ ሥር ሆና ላያይዋት ይችላሉ።

ሰዓቱንም ይምረጡ። የምትነክሰው በቀን ነው። በሞቃት ወቅት ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት፣ ከዚያም ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ቀዝቀዝ ባለ ወቅት ግን እኩለ ቀን ይሻላል። ሙቀቱ ከ18 ዲግሪ በታች ሲሆን አትንቀሳቀስም ማለት ይቻላል፤ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ወደ ጥላ ትሸሸጋለች። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ፈላጊውን ተስፋ የሚያስቆርጠው በቀን ውስጥ በጠቅላላ የምትበርበት ጊዜ አንድ ሰዓት እንኳ አለመሙላቱ ነው። የቀረውን ጊዜ ተቀምጣ ታሳልፈዋለች። አንድ ጠዋት ሄደው ስላላዩ «የለችም» ብለው አይመለሱ።

ቆመው ከመጠበቅ መንቀሳቀስ ይሻላል፤ ቆላ ዝንብ የሚንቀሳቀስ ነገር ትከተላለችና። ከከብቶቹ ጋር ቀስ ብለው ወደ ውኃው ይውረዱ። ሁለት ሰው ከሆናችሁ አንድ ሜትር ከግማሽ የሚያህል ጥቁር ጨርቅ በሁለት ዘንግ ወጥራችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ በየመቶ ሜትሩ ቁሙና ጨርቁ ላይ ያረፈውን ተመልከቱ። ይህ ዘዴ በአፍሪካ ቆላዎች የዝንብ ጥናት ሲጀመር የነበረ አሮጌ ዘዴ ቢሆንም ዛሬም ይሠራል።

ከመውጣትዎ በፊት ልብስዎን ያስተካክሉ። ሰማያዊና ጥቁር ቀለም ይስባታል፤ አመድማ ወይም የአፈር ቀለም ያለው ልብስ ይልበሱ። ስስ ነጠላም ሆነ ስስ ሸሚዝ አያድንም፤ በጨርቅ ላይ ሆና መውጋት ትችላለች። ወፈር ያለ ጨርቅ፣ ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ ያስፈልጋል። የወባ ትንኝን የሚያርቁ ቅባቶች እርሷን ብዙም ስለማያግዷት በእነሱ ብቻ አይተማመኑ።

ከሁሉ በፊት ክንፏን

አሁን አንድ ዝንብ ከፊትዎ አርፋለች። ለመምታት እጅዎን አያንሡ። ጥላዎ እንዳያርፍባት ጎንበስ ብለው ከላይ ጀርባዋን ይመልከቱ።

ቆላ ዝንብ ስታርፍ ሁለቱን ክንፎቿን አንዱን በሌላው ላይ ሙሉ በሙሉ ትደርባቸዋለች፤ ልክ እንደ ተዘጋ መቀስ። ክንፎቿ በጀርባዋ ላይ ተኝተው ከሆዷ ጫፍ አልፈው ይወጣሉ። ከላይ ሲያዩዋት አንድ ክንፍ ብቻ ያላት ትመስላለች፤ ቅርጿም ቀጠን ያለ ረዘም ያለ ነው። የቤት ዝንብን ያስታውሱ፦ ክንፎቿ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከፈት ብለው ሆዷ በመካከል ይታያል። የፈረስ ዝንብም እንዲሁ፣ ወይ ከፈት አድርጋ ወይ እንደ ጎጆ ክዳን ወደ ጎን አዘንብላ ትይዛቸዋለች።

ይህን አንድ ምልክት በደንብ የያዘ ሰው ከአሥር ዝንብ ዘጠኙን ሳይነካ ይለያል ብዬ አምናለሁ። ለእረኛ ልጆችም መጀመሪያ መነገር ያለበት ይህ ነው። እነሱ ከማንም ቀድመው ስለሚያዩዋት፣ «ክንፏን እንደ መቀስ የምታጥፈውን ስታዩ ንገሩን» ማለት በቂ ነው።

ስልክ ካለዎት ከላይ በቀጥታ አንድ ፎቶ፣ ከጎን ደግሞ አንድ ፎቶ ያንሡ። ከላይ የተነሣው የክንፉን አቀማመጥ ያሳያል፤ ከጎን የተነሣው ቀጥሎ የምንነግርዎትን።

ከዚያ አፏን

ከጎን ሲያዩዋት ከራሷ ሥር ወደ ፊት ቀጥ ብሎ የወጣ፣ እንደ መርፌ የቀጠነ ኩምቢ አላት። የቤት ዝንብ አፍ ወደ ታች የሚወርድ፣ ጫፉ እንደ ስፖንጅ የሆነ መላሻ ነው፤ መውጋት አይችልም። የቆላ ዝንብ ግን ስታርፍም ኩምቢዋ ወደ ፊት እንደ ተቀሰረ ነው። የሳይንስ ስሟ ግሎሲና የመጣውም በግሪክኛ «ምላስ» ከሚለው ቃል ነው።

ኩምቢው ከሥሩ ላይ እንደ ትንሽ ሽንኩርት ያበጠ ነው። ግራና ቀኙን ደግሞ እንደ ሰገባ የሚያቅፉት ሁለት ዘንጎች አሉ፤ ርዝመታቸውም ከኩምቢው ጋር እኩል ነው። እነዚህ ስላሉ ኩምቢው ከሩቅ ወፍሮ ይታያል። ልትነክስ ስትል ዘንጎቹ ወደ ፊት እንደ ቀሩ ኩምቢው ብቻ ወደ ታች ይወርዳል። ወንዱም ሴቷም ደም ብቻ ይመገባሉ፤ ከሁለት እስከ አራት ቀን አንድ ጊዜ። ስትጠጣ ሆዷ ይነፋና ወደ ቀይነት ያደላል፤ በአንድ ጊዜ ከራሷ ክብደት የሚበልጥ ደም ትመጥጣለች። ከዚያ በኋላ መብረር ስለሚከብዳት ቅርብ ባለ ግንድ ላይ ታርፋለች። ለመያዝ የተመቸች የምትሆነው ያኔ ነው።

ይዘው ያረጋግጡ

አንድ ሰፊ አፍ ያለው ብልቃጥ ወይም ባዶ የክብሪት ቀፎ ከላይ ይድፉባትና ከሥር ወረቀት ያንሸራትቱ። በጥፊ የተመታች ዝንብ ለማረጋገጫ አትሆንም፤ ክንፏ ይቀደዳል፣ እግሯም ይረግፋል። ከያዟት በኋላ ብልቃጡን ለጥቂት ሰዓት የማቀዝቀዣ በረዶ ቤት ውስጥ ያስገቡት፤ ማቀዝቀዣ ከሌለ ፀሐይ ላይ ያስቀምጡት፤ ትሞታለች። ደም የጠጣች ልትሆን ስለምትችል በጣትዎ አያፍርጧት፤ ሲጨርሱም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

መጠኗን ይለኩ። ከኩምቢዋ ሌላ ከ6 እስከ 14 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። ትንሿ የቤት ዝንብ ታህላለች፤ ትልቋ ከንብ ትስተካከላለች። ቀለሟ ከቡናማ እስከ ግራጫ ያለ ደብዛዛ ነው። የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ዝንብ ከያዙ ይልቀቋት፤ እሷ ሥጋና ቁስል ላይ የምታርፈው ናት።

አሁን አጉሊ መነጽር ያምጡ። አንዱን ክንፍ ነቅለው በነጭ ወረቀት ላይ ያስቀምጡት፤ ወይም ከጀርባው ብርሃን እንዲያልፍ ወደ መስኮት ያንሡት። የክንፉ ጅማቶች በመካከላቸው እንደ እርሻ ማሳ የተከፋፈሉ ክፍት ቦታዎች ይሠራሉ። በመካከል ካሉት ቦታዎች አንዱ የምሳር ቅርጽ አለው፤ ከአንዱ በኩል ቀጠን ብሎ እንደ እጀታ ይጀምርና ከሌላው በኩል እንደ ስለት ሰፋ ብሎ ይጨርሳል። ይህ ምሳር በቆላ ዝንብ ሁሉ ክንፍ ላይ አለ፤ በሌላ ዝንብ ክንፍ ላይ የለም። ክንፍ ብቻ ወድቆ ቢያገኙ እንኳ፣ ሌላው አካሏ በጉንዳን ተበልቶ ቢሆን፣ በዚህ ምልክት ብቻ መፍረድ ይችላሉ። የዝንብ ባለሙያዎች መጨረሻ ላይ የሚተማመኑበትም ይኸው ነው።

ጥርጣሬ ከቀረ አንቴናዋን ይዩ። ከፊቷ ላይ ካሉት ሁለት አጫጭር አንቴናዎች እያንዳንዳቸው አንድ ረዘም ያለ ጸጉር ተተክሎባቸዋል። በዚያ ጸጉር ላይ ደግሞ በአንድ ወገን ብቻ፣ ከላይ በኩል፣ እንደ ላባ የተደረደሩ ጸጉሮች አሉ። እያንዳንዱ ትንሽ ጸጉርም በተራው ቅርንጫፍ አውጥቷል። የቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያለው ጸጉር የቆላ ዝንብ ብቻ ነው። ይህን ለማየት ጠንካራ መነጽርና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ክንፉን በሚገባ ላየ ሰው ግን ግዴታ አይደለም።

የሚያሳስቱ ዝንቦች

ከቆላ ዝንብ ጋር በብዛት የምትምታታው የበረት ዝንብ ናት። የቤት ዝንብ የምታህል፣ ግራጫ፣ ሆዷ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ናት፤ እርሷም ወደ ፊት የተቀሰረ ኩምቢ አላት፣ የእርሷም ንክሻ ያማል። ኩምቢዋን ብቻ አይቶ የፈረደ ሰው የሚሳሳተው በእርሷ ነው። ስታርፍ ግን ክንፎቿ ከፈት ብለው ይቀመጣሉ፤ ኩምቢዋን የሚያቅፉ ረጃጅም ዘንጎችም የሏትም። ከከብቱ እግር በታችኛው ክፍል ላይ ማረፍ ትወዳለች፤ ከብቶቹ መሬት እየደበደቡ ሲቆሙ ካዩ እርሷን ይጠርጥሩ። የምትራባው በበሰበሰ ገለባና በእበት ውስጥ ስለሆነ መድኃኒቷ በረቱን መጥረግ ነው። ለእርሷ የቆላ ዝንብ ወጥመድ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

የፈረስ ዝንቦች ብዙ ዓይነት ናቸው። አብዛኞቹ ደንደን ያሉ፣ ከቆላ ዝንብ የሚበልጡ፣ ዐይናቸው ጭንቅላታቸውን የሞላና አንዳንዴ በቀለም የሚያንጸባርቅ ነው። የሚነክሱት ሴቶቹ ብቻ ናቸው። አፋቸው እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ ሲነሡ ከቁስሉ ደም ይፈሳል፤ ከቆላ ዝንብ ንክሻ በኋላ እንዲህ ያለ የሚንጠባጠብ ደም ብዙ ጊዜ አይታይም። ከእነሱ መካከል አንዷ ትንሽ ናት፤ መጠኗም ቀለሟም ቆላ ዝንብን ይመስላል። ክንፏ ላይ ግን እንደ ዥጉርጉር ጨርቅ ነጭና ግራጫ ነጠብጣብ ሞልቷል። የቆላ ዝንብ ክንፍ ዝንጉርጉር አይደለም፤ ጥርት ያለ ወይም ጭስ የነካው የሚመስል አንድ ዓይነት ቀለም ነው።

ሦስተኛዋ አሳሳች በክንፍ አስተጣጠፏ ነው የምታሳስተው። በፈረስ፣ በአህያ፣ በግመልና በከብት ላይ፣ በተለይ በጅራት ሥርና በጭን መካከል የምትለጠፍ፣ ቆዳዋ የጠነከረ ጠፍጣፋ ዝንብ አለች። ክንፎቿን እርሷም ትደርባለች። በእጅ ሲገፏት አትበርም፤ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ትሄዳለች፤ ጣቶችዎ መካከል ቢጨምቋትም በቀላሉ አትሞትም። ከላይ እንደ ተጫነች ጠፍጣፋ ስለሆነች አንዴ ያያት ሰው ሁለተኛ አይሳሳትም። ከቆላ ዝንብ ጋር የሥጋ ዘመድ ናት፤ እርሷም እንቁላል አትጥልም።

ዝርያዋን፣ ጾታዋንና ዕድሜዋን

በኢትዮጵያ አምስት የቆላ ዝንብ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ፓሊዲፔስ እና ሰብሞርሲታንስ የቁጥቋጦና የሣር ምድር ዝንቦች ናቸው፤ ከወንዝ ርቀውም ይገኛሉ። ታኪኖይደስ እና ፉስሲፔስ ከወንዝ ዳር ጫካ ብዙም አይርቁም። አምስተኛዋ ሎንጊፔኒስ ትልቅ ናት፤ ደረቅ ቆላ ትወዳለች። ዝርያውን በትክክል መፍረድ የባለሙያ ሥራ ነው፤ መነሻ የሚሆን ፍንጭ ግን የኋላ እግሯ ላይ አለ። የእግሯ ጫፍ አምስት ትንንሽ አንጓዎች አሉት። ከላይ ሲታዩ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብቻ ከጠቆሩ ዝንቧ ወደ ፓሊዲፔስና ሰብሞርሲታንስ ወገን ታደላለች። አንጓዎቹ ሁሉ ከጠቆሩ ደግሞ ወደ ወንዝ ዳሮቹ ወገን። ይህ ልዩነት ሥራ ላይ ይጠቅማል፤ የወንዝ ዳር ዝንብን ለመያዝ ወጥመድ የሚተከለው በወንዙ ዳርና በውኃ መቅጃው ነው፤ የቁጥቋጦዋን ለመያዝ ግን ግጦሹ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።

ጾታዋን ለማወቅ ገልብጠው የሆዷን ጫፍ ይዩ። ወንዱ ጫፉ ላይ እንደ ቁልፍ ክብ ሆኖ ያበጠ ነገር አለው፤ ሴቷ የላትም። ዕድሜዋን ደግሞ የክንፏ ጠርዝ ይናገራል። ወጣት ዝንብ ክንፏ ሙሉ ነው፤ እየኖረች ስትሄድ የኋላው ጠርዝ እየተቀደደ እንደ ድሮ መጋረጃ ይሆናል። አሮጌ ዝንብ ብዙ ጊዜ ስለተመገበች ተሕዋሱን የመሸከም ዕድሏ ይበልጣል። ደረቷ ሲጫኑት ለስላሳ የሆነች ዝንብ ካገኙ ገና ከአፈር የወጣች፣ ምናልባትም ደም ያልቀመሰች ናት። እንዲህ ያለች ዝንብ ያገኙበት ቦታ መራቢያዋ ቅርብ መሆኑን ያመለክታል።

መራቢያዋን ማግኘት

ይህን ክፍል የምጽፈው ቆላ ዝንብን ከሌላው ዝንብ ሁሉ የሚለያት ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። የቤት ዝንብ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ቆላ ዝንብ ግን አንድ እጭ ብቻ በማሕፀኗ ይዛ፣ ከራሷ ወተት መሰል ፈሳሽ እየመገበች ታሳድጋለች፤ በየ9 ወይም በየ10 ቀኑ አንድ ትወልዳለች። ሴቷ ከ2 እስከ 3 ወር ብትኖር በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ከ8 እስከ 10 ቢሆኑ ነው። እጩ እንደ ተወለደ ወዲያው ልል አፈር ውስጥ ይገባል፤ ቆዳው ጠንክሮ ሙሽሬ ይሆናል። አፈሩ እንደ ሞቀው መጠን ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ዝንብ ሆኖ ይወጣል።

በበጋ፣ በወደቀ ግንድ ሥር፣ በዛፍ ሥሮች መካከልና በጥላ ባለ አሸዋማ የወንዝ ዳር አፈሩን በጣትዎ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያህል ጫር ጫር ያድርጉት። ሙሽሬው በርሜል መሰል፣ ጥቁር ቡናማ፣ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ነው። በአንዱ ጫፉ ላይ ሁለት ጥቁር ጉብታዎች ጎን ለጎን አሉ። እነዚያን ጉብታዎች ካዩ የቆላ ዝንብ ነው፤ ሌላ ጥርጥር የለም።

ልጆቿ ጥቂት መሆናቸው ለእኛ ተስፋ ነው። ዛንዚባር ውስጥ የኡንጉጃ ደሴት ከቆላ ዝንብ የጸዳችው በ1990ዎቹ፣ በጨረር የመከኑ ወንዶችን በብዛት በመልቀቅ ነበር። ኢትዮጵያም በደቡባዊው ስምጥ ሸለቆ ፓሊዲፔስን ለማጥፋት በ1997 ፕሮጀክት ጀምራ፣ ወንዶቹን ለማርባት ቃሊቲ ላይ ማዕከል ሠርታለች። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚጀምረው የት ቦታ የትኛዋ ዝርያ እንዳለች በትክክል ከሚያውቅ ሰው ነው።

በወጥመድ ማረጋገጥ

በዐይን ፍለጋ ካልተሳካ፣ ወይም ብዛቷን ማወቅ ከተፈለገ ወጥመድ ይተከላል። ወጥመዱ ከሰማያዊና ከጥቁር ጨርቅ ከላዩም ከነጭ መረብ የሚሰፋ ነው። ሰማያዊው ከሩቅ ይጠራታል፤ ጥቁሩ ላይ ታርፋለች፤ ከዚያ ወደ ብርሃኑ ስትወጣ መረቡ ውስጥ ትገባለች። ከወጥመዱ ሥር ለሦስት ሳምንት ያህል የቆየ የላም ሽንት በጠርሙስ ቢቀመጥ፣ በተለይ ፓሊዲፔስ፣ ሽታውን ተከትላ ትመጣለች። ምሰሶውን ግራሶ ይቀቡት፤ አለዚያ የተያዙትን ጉንዳን ወጥቶ ይጨርሳቸዋል። ዙሪያውን ያለውን ሣር ይጨዱ። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ የተያዙትን ይቁጠሩ፤ ቁጥሩን ለወጥመዶቹና ለቀኖቹ ብዛት ያካፍሉት። በፓርክ ውስጥ ወጥመድ ለመትከል ግን አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ካገኟት በኋላ

የመጀመሪያው ነገር መድኃኒት አለመግዛት ነው። ይህን በጥብቅ እላለሁ። ከገበያ በተገዛ ዱቄት፣ ያለ ደም ምርመራ፣ በግምት መጠን በሬን መውጋት በብዙ ቆላ የተለመደ ነው። በጊቤ ሸለቆ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተካሄዱ ጥናቶች ያሳዩት፣ ተሕዋሱ ለመድኃኒቶቹ ሁሉ መላመዱንና ከብቱ ታክሞም እንደገና መታመሙን ነው። የቀሩት መድኃኒቶች ጥቂት ናቸው፤ እነሱን ካጣን ምትክ የለንም።

የነከሰችዎት እርስዎን ከሆነ አይደንግጡ፤ የሰውን የእንቅልፍ በሽታ የሚያመጣውን ተሕዋስ የሚሸከሙት ጥቂት ዝንቦች ናቸው። ሆኖም በሽታው በአገራችን አለ። በ1967 በጋምቤላ ታይቶ ነበር፤ ለአሥርት ዓመታት ከጠፋ በኋላም በ2022 በደቡብ ኢትዮጵያ እንደገና ተመዝግቧል። ከንክሻው በኋላ ባሉት ሳምንታት የተነከሰው ቦታ አብጦ ቢቆስል፣ ትኩሳትና ራስ ምታት ቢይዝዎት፣ ወባ ነው ብለው አይተዉት። ለሐኪሙ «የቆላ ዝንብ አገር ነበርሁ፣ በዚህ ቀን ነክሳኛለች» ብለው ይንገሩት፤ ያን ካልነገሩት ሊገምተው አይችልም።

ዝንቧን ለማቆየት ደረቅ የክብሪት ቀፎ ውስጥ በጥጥ ላይ ያስቀምጧት፤ ወይም 70 በመቶ አልኮል ባለው ብልቃጥ ውስጥ ይክተቷት። በትንሽ ወረቀት ላይ፣ ቀለሙ እንዳይለቅ በእርሳስ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቀበሌውን፣ የወንዙን ስምና ምን ላይ አርፋ እንዳገኟት ጽፈው አብረው ይጨምሩ። ከዚያም ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይውሰዱለት። ፈልገው ሳያገኟት ቢመለሱም የሄዱበትን ቀንና ቦታ ጽፈው ይንገሩት፤ ዝንቧ የሌለችበትን ቦታ ማወቅም ለእርሱ ሥራ ያስፈልገዋል።